የእንግሊዝ ስሊፕዌር ሳህን አሠራር፤ ከጭቃው ዝግጅት እስከ እቶኑ

በእርጥብ ሸክላ ላይ ሌላ ቀለም ያለው ቀጭን ሸክላ ይፈስሳል፤ በላዩ መስመር ይሠመራል፤ መስመሩም በላባ ጫፍ ሳብ ሳብ ይደረጋል። እንግሊዞች በዚህ መንገድ የሚሠሩትን ዕቃ ስሊፕዌር ይሉታል። ቀዩ ሸክላ፣ ነጩ ስሊፕና የማር ቀለም ያለው ግሌዝ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆን ሽፋን) ተደምረው የሚሰጡትን ሞቅ ያለ መልክ ከሌላ የሸክላ ዓይነት አላገኘሁም። ይህ መመሪያ አንድ ባለላባ ንድፍ ሳህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል።

የሚሽከረከር የሸክላ መሥሪያ አያስፈልግም። የሊጥ መዳመጫ፣ ደቃቅ ወንፊት፣ ጫፈ ቀጭን የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንድ የወፍ ላባ፣ የሳህኑን ቅርጽ የሚያወጣ ጉብታና እስከ 1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ የኤሌክትሪክ እቶን ይበቃሉ። እቶን የሌለው ሰው በጋራ የሸክላ ሥራ ቤቶች ከፍሎ ማስተኮስ ይችላል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ስሊፕዌር ከምንም በላይ እርጥበትን ማወቅ ይጠይቃል። ሥዕል የማይችል ሰው ውብ ሳህን ሊሠራ ይችላል፤ ጭቃው መቼ እንደለሰለሰና መቼ እንደጠነከረ የማያስተውል ሰው ግን የሰዓሊ እጅ ቢኖረውም ሥራው ይሰነጠቅበታል፣ ስሊፑም ይላጥበታል። ጭቃ የሚደርቅበት ፍጥነት እንደ ክፍሉና እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ከዚህ በታች በአብዛኛው የምሰጣችሁ ሰዓት ሳይሆን ምልክት ነው። ምልክቱን ጠብቁ።

ሸክላው

በዝቅተኛ ሙቀት የሚተኮስ ቀይ ሸክላ ግዙ፤ በመሸጫዎች ቀይ ኧርዝንዌር ይባላል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሳህን 2 ኪሎ ግራም ያህል ይበቃል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የስታፎርድሺሯ በርስለም የዚህ ሙያ ማዕከል የሆነችው ጭቃውም የድንጋይ ከሰሉም ከደጃፏ ስለሚቆፈሩ ነበር። በሰሜን ዴቨን ደግሞ የፍረሚንግተን ጭቃ ከመሬት ወጥቶ ብዙም ሳይታከልበት ይሠራበት ነበር።

ሸክላውን ደህና አድርጋችሁ እሹት። ከዚያ በቀጭን ሽቦ ለሁለት ቆርጣችሁ ውስጡን ተመልከቱ፤ የአየር ቀዳዳ ከታየ እንደገና ይታሽ። ጠፍጣፋ ሥራ ላይ ትንሽ አየር እንኳ ኋላ ፊቱን ያሳብጠዋል።

ስሊፑ

ስሊፕ በውሃ የላላ ሸክላ ነው። ለዚህ ሳህን ጥቁርና ነጭ ያስፈልጋሉ። ነጩን ከ750 ግራም ቦል ክሌይ እና ከ250 ግራም ካኦሊን (ንጹሕ ነጭ ሸክላ) ዱቄት አዘጋጁ። ቦል ክሌይ ከዴቨንና ከዶርሴት የሚወጣ፣ ሲተኮስ የሚነጣ ሸክላ ነው። ብቻውን ሲሆን ሲደርቅ በጣም ስለሚኮማተር ካኦሊኑ ያለዝበዋል። ለጥቁሩ 1 ኪሎ ግራም ደረቅ ቀይ ሸክላ፣ 60 ግራም ቀይ የብረት ኦክሳይድና 40 ግራም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ይግባ። ማንጋኒዙን መተው ይቻላል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ጥቁር ሳይሆን ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል።

ዱቄቱን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን በዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። ለ1 ኪሎ ግራም ዱቄት 1 ሊትር ውሃ አቅርቡ፤ ሳታማስሉ አሳድሩት፤ በማግስቱ አማስሉት። ቀዩን ሸክላ ከምትሠሩበት ቁራጭ የምትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ድርቅ እስኪል አድርቁት። ፈጽሞ የደረቀ ሸክላ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይፈርሳል፤ እርጥበት የቀረበት ግን ቀናት ይፈጃል፣ እንዲያም ሆኖ ጓል ይተዋል። ኦክሳይዶቹን በጥቂት ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሯቸው። ከዚያ በአንድ ኢንች 80 ቀዳዳ ባለው ወንፊት ሁለት ጊዜ አሳልፉት። አንዲት ደቃቅ ጠጠር የጠርሙሱን ጫፍ ትዘጋለች፤ የምትዘጋውም መስመሩ መካከል ላይ ስትደርሱ ነው።

የስሊፑ ውፍረት ለመጋገር የደረሰ የእንጀራ ሊጥ ያህል ይሁን፤ ሲፈስስ መስመሩ ወዲያው ከጎረቤቱ የሚዋሃድ ዓይነት። ለማረጋገጥ በባልዲው ፊት ላይ በጣታችሁ መስመር አስምሩ። መስመሩ በሁለት ወይም በሦስት ሰኮንድ ውስጥ ከጠፋ ደርሷል። ከቆየ ጥቂት ውሃ ጨምሩ፤ ከጣታችሁ ሥር ካልታየ ቀጥኗልና አስተኝታችሁ ከላይ የጠለለውን ውሃ ቅዱለት። ሁለቱ ስሊፖች እኩል ውፍረት ይኑራቸው። ነጩ ከወፈረ በጥቁሩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ከቀጠነ ደግሞ ተበትኖ ይጠፋል፤ ላባው የሚስበው ነገር አያገኝም።

ደረቅ የሸክላ ዱቄት ለሳንባ አደገኛ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሚተነፍሰውን ሰው ሲሊኮሲስ ለተባለ በሽታ ያጋልጣል። የማንጋኒዝ ብናኝም መርዛማ ነው። ዱቄት በምትመዝኑበት ጊዜ ለብናኝ የተሠራ ጭምብል አድርጉ፤ ጠረጴዛውንም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱ። ልጆች ባሉበት ክፍል ዱቄት አይመዘን።

ጠፍጣፋውን ጭቃ መዳመጥ

ሻካራ ጨርቅ አንጥፉ፤ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች በግራና በቀኝ አስቀምጡ፤ ጭቃውን በመካከላቸው ዳምጡት። መዳመጫው እንጨቶቹን ሲነካ ውፍረቱ እኩል ሆኗል ማለት ነው። ጭቃውን በየጊዜው እያነሣችሁና እያዞራችሁ ዳምጡት፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተዳመጠ ጭቃ ሲደርቅ ይጣመማል። 35 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጋዜጣ በተነጠፈበት ሰሌዳ ላይ አስተኙት። ፊቱን በለስላሳ ጎማ ወይም በእንጨት ቁራጭ ጫን እያላችሁ ጥረጉት፤ የጨርቁ ሽመና ምልክት ይጥፋ።

ትንሽ ጠበቅ እስኪል ጠብቁ። ምልክቱ ይህ ነው፦ ጣት ሲጫነው አሻራ ይይዛል፣ ነገር ግን ጭቃው ከጣት ጋር አይነሣም።

ማፍሰስ፣ ማስመርና በላባ መሳብ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉም ነገር በእጃችሁ አጠገብ ይሁን፤ አንዴ ስሊፑ ከፈሰሰ ዕቃ ፍለጋ መሄድ የለም። ነጩን ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሩ። ጠርሙሱን ጫፉ ወደ ታች ሆኖ አንዴ ወዘወዝ አድርጉት፤ አየሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጫፉ ላይ አየር ከቀረ ስሊፑ ተፍ ይልና መስመሩን ያበላሻል። መጀመሪያ በጋዜጣ ላይ ተለማመዱ፤ እጃችሁ ሳይንቀጠቀጥ እኩል መስመር እስኪወጣ ድረስ።

ላባውንም አዘጋጁ። በግራና በቀኝ ያለውን ጠጉር ቆርጣችሁ ጫፉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ተዉለት። ላባ ከጠፋ ጠንካራ የብሩሽ ጠጉር አንዱን ነቅሎ መጠቀም ይቻላል፤ ላባው ግን ለስላሳ ስለሆነ ስሊፑን ሳይቧጭር ይስበዋል፣ እኔም እሱን ነው የምመክረው።

አሁን ግማሽ ሊትር ያህል ጥቁር ስሊፕ መካከሉ ላይ አፍስሱ። ሰሌዳውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት፤ ስሊፑ ጥግ እስከ ጥግ ይሸፍን። ትርፉን በአንድ ማዕዘን ወደ ባልዲው መልሱት። ፊቱ ገና ሲያብረቀርቅ፣ ሳትዘገዩ፣ ነጭ መስመሮችን በ1.5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከዳር እስከ ዳር አስምሩ። የጠርሙሱ ጫፍ ጭቃውን አይንካ፤ ከፊቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሂድ። አንጓችሁን አጽንታችሁ ክንዳችሁን ከትከሻ አንቀሳቅሱ፤ ዓይናችሁም ከጫፉ ቀድሞ መስመሩ የሚደርስበትን ዳር ይይ።

መስመሮቹ ካለቁ በኋላ ሰሌዳውን አንሥታችሁ አንድ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላችሁ ጣል አድርጉት። ከፍ ብለው የነበሩት ነጭ መስመሮች ወደ ጥቁሩ ገብተው እኩል ሲተኙ ታያላችሁ። ከዚያ ላባውን መስመሮቹን አቋርጣችሁ ከራሳችሁ ወደ ፊት ሳቡት። 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ደግሞ ከፊት ወደ ራሳችሁ ሳቡት። በእያንዳንዱ ስበት መካከል ጫፉን ጥረጉ። ላባው በስሊፑ ውስጥ ብቻ ይሂድ፤ ከሥር ያለው ጭቃ ከተነካ ጠባሳው አይጠፋም። ነጩ መስመር በላባው እየተሳበ ሹል ቅስት ይሆናል፤ የሚቀጥለው ስበት በተቃራኒው ሲሄድ ቅስቱ ይገለበጣል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ጫፍ ፀጉር አክሎ ይቀጥናል። ይህን ቅጥነት በብሩሽ መሳል አይቻልም፤ የሚገኘው ሁለት እርጥብ ስሊፖች እርስ በርስ ሲሳሳቡ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ አትንኩት። የተጣመመ መስመር ቢኖር ይቅር። በእርጥብ ስሊፕ ላይ የሚደረግ እርማት ሁሉ ከስሕተቱ የባሰ ምልክት ይተዋል።

ሮበርት ፕሎት በ1686 ስለ ስታፎርድሺር ሲጽፍ የበርስለም ሸክላ ሠሪዎች ዕቃውን በተለያየ ቀለም ስሊፕ እንደሚያስጌጡ፣ ስሊፑንም ከብረት ሽቦ በተሠራ ብሩሽ እንደሚያበጥሩት ገልጿል። ዘዴው ብዙም አልተለወጠም ማለት ነው። በዚያው ዘመን የነበረውና በ1689 የሞተው ሸክላ ሠሪ ቶማስ ቶፍት ደግሞ ላባ ሳይሆን ሥዕል መርጦ ነበር። በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ቡናማ መስመር የንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊን ምስል፣ የባሕር ልጃገረድን፣ ጫጩቶቿን በደሟ የምትመግበውን የይብራ ወፍ (ፔሊካን) ሠርቷል፤ ውስጡን በቀይ ሞልቶ በጥቁሩ መስመር ላይ ነጫጭ ነጥቦችን ደርድሯል፤ በሳህኑ ከንፈር ላይ የተጠላለፈ ጥልፍልፍ አድርጎ ስሙን በትልቁ ጽፏል። የቶፍትን መንገድ መሞከር የሚፈልግ ሰው መደቡ ማብረቅረቁን እስኪያቆም ይጠብቅና ከዚያ ያስምር። ያን ጊዜ መስመሩ አይሰምጥም፤ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ጣትም ይዳስሰዋል።

ቅርጽ ማውጣት

ይህ ደረጃ ለጀማሪ የሚያስፈራ ይመስላል፤ ያጌጠው ፊት ወደ ታች ይገለበጣልና። መጠበቅ ያለባችሁ ምልክት ሁለት ነው። የስሊፑ ማብረቅረቅ ፈጽሞ መጥፋት አለበት፤ በጣት ቀስ ተብሎ ሲነካም ቀለም መልቀቅ የለበትም። ጭቃው ግን አሁንም ሳይሰነጠቅ መታጠፍ አለበት። ቸኩሎ የገለበጠ ንድፉን ይደፈጥጠዋል፤ የዘገየም ሳህኑን ይሰነጥቀዋል።

ጉብታው ከተተኮሰ ሸክላ ወይም ከጀሶ የተሠራና የደረቀ ይሁን። ጭቃውን ከነሰሌዳው አንሥታችሁ ያጌጠው ፊት ጉብታውን እንዲነካ ገልብጡት፤ ጋዜጣውን ላጡ። ከመካከል ወደ ዳር በእርጥብ ስፖንጅ ጫን ጫን አድርጉ። ትርፉን ዳር በቢላ ዙሩት። ከዚያ በክብ እንጨት ጫፍ ከንፈሩን በእኩል ርቀት ጫን ጫን እያላችሁ ጥርስ አውጡለት፤ የድሮዎቹ የስታፎርድሺር ሳህኖች ከሩቅ የሚታወቁት በዚህ ጥርስ ነው። ጎድጓዳ ቅርጽ ያላችሁ ሰዎች ፊቱ ወደ ላይ እንደሆነ ማስገባት ትችላላችሁ፤ ንድፉ አይነካም፤ እኔ ግን ጉብታውን እመርጣለሁ፤ ጀርባው በደንብ ስለሚጫን ሳህኑ ይጠነክራል።

ሳህኑ ራሱን ችሎ መቆም እንደቻለ ከጉብታው አውጡት። ሸክላ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጉብታው ግን አይኮማተርም፤ የዘገየ ሰው መካከሉ ላይ የተሰነጠቀ ሳህን ያገኛል።

ሙያው እንዴት እንደተመለሰ

የስታፎርድሺሩ ሸክላ አምራች ጆሳያ ዌጅውድ በ1760ዎቹ ነጣ ያለ፣ ቀጭንና ልሙጥ የገበታ ዕቃ ለገበያ ሲያቀርብ ስሊፕዌር ከከተማ ገበታ ተገፋ። በገጠር ግን በዳቦ ማቡኪያነት፣ በወተት ሳህንነት፣ በሲደር (የፖም መጠጥ) ማሰሮነት ቀጠለ። በሰሜን ዴቨን ፍረሚንግተን መንደር ኤድዊን ቢር ፊሽሊ የሠራቸው ማሰሮዎች ኋላ ስሊፕዌርን ያነቃቃው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው ባደገበት ቤት ነበሩ። ካርዲው በ1923 በርናርድ ሊችና ጃፓናዊው ሾጂ ሃማዳ ከሦስት ዓመት በፊት በሴንት አይቭስ ወዳቋቋሙት የሸክላ ሥራ ቤት ገባ። በ1926 በዊንችኮምብ ተዘግቶ የነበረን የገጠር ሸክላ ቤት ተከራየ፤ ኤላይጃ ኮምፎርት የተባሉትን አዛውንት ባለሙያ መልሶ ቀጠረ፤ የአካባቢውን ጭቃ ይዞ ሰው በየቀኑ የሚገለገልበትን ማሰሮና የመጋገሪያ ሳህን በስሊፕ አስጊጦ መሥራት ጀመረ።

ይህን የማነሣው ለመመሪያው ስለሚጠቅም ነው። የካርዲው መስመር ፈጣን ነው፤ አንድ ማዕበል፣ ሁለት ጭረት፣ ያበቃል። ብዙ ዕቃ በቀን የሚሠራ ሰው እጁ ማመንታት ያቆማል። እናንተም አንድ ሳህን ላይ ቀኑን ሙሉ ከምትለፉ አራት ወይም አምስት ጠፍጣፋ ጭቃ አሰናድታችሁ በተከታታይ ሥሩ፤ የመጨረሻው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይሻላል። ካርዲው ኋላ በከፍተኛ ሙቀት ወደሚተኮሰው ስቶንዌር ዞሮ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዷል፤ በናይጄሪያ፣ ያን ጊዜ አቡጃ ዛሬ ሱሌጃ በምትባለው ከተማ ባቋቋመው ማሠልጠኛ የሠራችው ላዲ ክዋሊም ዛሬ ምስሏ በ20 ናይራ ኖት ላይ ይገኛል። ስሊፕዌሩን በዴቨን የቀጠሉት ሌሎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ በ1971 በሼቤር ሥራ የጀመረው ክላይቭ ቦወን ነው።

ማድረቅና የመጀመሪያው ቃጠሎ

ሳህኑን ከንፈሩ በላስቲክ ተሸፍኖ መካከሉ ክፍት ሆኖ አድርቁት፤ ዳሩ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ወደ ጉንጭ ሲጠጋ የማይቀዘቅዝ ከሆነ ደርቋል። እቶኑን እስከ 600 ዲግሪ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ብቻ ጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ ፈጠን ማለት ይቻላል። 1000 ዲግሪ ሲደርስ አጥፉትና በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

በዚህ ደረጃ ስሊፑ ተላጥቶ ከተገኘ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ስሊፑ ሲፈስስ ጭቃው ከልክ በላይ ደርቆ ነበር። ከንፈሩ አካባቢ ብቻ ከተላጠ ደግሞ ለሚቀጥለው ጊዜ ካኦሊኑን ጨመር አድርጉ።

ግሌዝ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተፈጨ የእርሳስ ማዕድን ባልተተኮሰው ዕቃ ላይ ይነሰነስ ነበር። ያ የማር ቀለም የመጣው ከእርሳሱና ከሸክላው ብረት ነው፤ ሸክላ ሠሪዎቹን ግን መርዟቸዋል። እርሳስ አትጠቀሙ። ያረጀ ስሊፕዌር የገዛችሁም ከሆነ ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ ምግብ አይቅረብበት።

ከእርሳስ ነፃ የሆነ፣ ለምግብ ዕቃ የተመረተ ብርሃን አስተላላፊ የኧርዝንዌር ግሌዝ ግዙ። ለእያንዳንዱ 100 ግራም ደረቅ ግሌዝ ከ2 እስከ 3 ግራም ቀይ የብረት ኦክሳይድ ጨምሩበት፤ ነጩ ስሊፕ ወደ ማር ቀለም ይቀየራል። ኦክሳይዱን በወንፊት አሳልፉት፤ ካልሆነ ነጠብጣብ ይተዋል። ሳህኑን በእርጥብ ስፖንጅ ከአቧራ አጽድታችሁ ግሌዙን ፊቱ ላይ አፍስሱ፣ አዙሩ፣ ትርፉን ድፉ፤ ሁሉም በሦስት ሰኮንድ ውስጥ ያልቅ። የወፈረ ግሌዝ ንድፉን በወተታማ ጭጋግ ይሸፍነዋል። ጀርባውን ባዶ ተዉት፤ የድሮዎቹም እንዲሁ ነበሩ።

ሁለተኛው ቃጠሎ በግሌዙ መያዣ ላይ የተጻፈውን ሙቀት ይከተል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1060 እስከ 1080 ዲግሪ ነው። ከፍተኛው ላይ 20 ደቂቃ አቆዩት፤ ደቃቅ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። እቶኑ ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አትክፈቱ።

ከመጠቀም በፊት

ሳህኑ እንደ ምጣድና እንደ ጀበና አይሟሽም፤ ቀዳዳውን ግሌዙ ዘግቶታል። ይልቁን የሎሚ ቁራጭ ፊቱ ላይ አስቀምጣችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ቀለሙ ከደበዘዘ ወይም ማብረቅረቁ ከጠፋ ግሌዙ በደንብ አልበሰለምና ለምግብ አይዋል። ይህ ሙከራ የግሌዙን ብስለት ይናገራል እንጂ እርሳስ መኖር አለመኖሩን አይናገርም፤ ያንን የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ጀርባው ግሌዝ ስለሌለው ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ በውሃ ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩት፣ እርጥብ ሆኖም ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡት።

የተረፈውን ስሊፕ ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጡት፤ ለወራት ይቆያል። ወፍሮ ስታገኙት ውሃ ጨምራችሁ አማስሉት፤ ከመጠቀማችሁ በፊት ግን እንደገና በወንፊት አሳልፉት።